ባዶ ባርኔጣ፤ ከደሴ እስከ ዋጃ በአሮጊቷ ፒክአፕ

ይህን የምጽፈው ከወልድያ ወዲያ ወርዳችሁ ለማታውቁ የደሴ ወዳጆቼ ነው። ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራላችሁ ስለ ሙቀቱ ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ አንዲት የራዲያተር ክዳን ነው፤ ሙቀቱ ማንም ሳይጠራው በየመሃሉ ይገባል።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። የኪሎ ሜትር መቁጠሪያዋ ሞልቶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ከዜሮ ጀምሮ ሁለተኛውንም ዙር አጋምሷል። ሹፌሯ ጋሽ ይመር ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ ሌላ መኪና ነድተው አያውቁም። ደርግ ሲመጣ ሚኒስትሩ ተለወጠ፣ ኃላፊው ተለወጠ፣ የግድግዳው ፎቶ ተለወጠ፤ ጋሽ ይመርና ፒክአፗ ግን እንዳሉ ቀሩ።

እኔ የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነበርሁ። አንድ ቀን አለቃዬ ጠሩኝና «የተሽከርካሪ ሁኔታ መግለጫ» የሚል ወረቀት ሰጡኝ። «ጓድ ታደሰ፣ ለቆቦና ለዋጃ የሚደርስ ሚዛንና ባዶ ጆንያ አለ። አብረህ ሂድ፤ ሰውዬው ሳያውቁ መኪናዋን እይና ሙላ» አሉኝ። አትረባም ብዬ ከጻፍሁ እሷ ከግቢው ጀርባ ሣር ይበቅልባታል፣ ጋሽ ይመርም የበር ዘበኛ ይሆናሉ። ይህን እያወቅሁ ወረቀቱን አጥፌ በኪሴ ከተትሁ። እውነቱን ልናገርና ያን ቀን ብዙም አልከበደኝም። ቸኩዬ ነበር፤ እኔ ሁልጊዜ እንደቸኮልሁ ነኝ።

ሰኞ። ቀጠሯችን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ካፖርቴን ደርቤ በጦሳ ተራራ ጉም ውስጥ እየተንቀጠቀጥሁ ስደርስ ጋሽ ይመር ከአሥራ አንድ ጀምረው ሥራ ላይ ናቸው። ኮፈኑ ተከፍቷል፣ ሞተሩ ይንተከተካል። የወይራ ዱላቸውን አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ደህና አደሩ ጋሽ ይመር?»

«እሽሽ!» አሉኝ። እሷን አዳምጠው ሲጨርሱ ሰላምታዬን መለሱ።

ከዚያ ሞተሩን አጠፉና የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፤ ጠረጉት፣ መልሰው ከተቱት፣ እንደገና መዘዙት፣ ዘይቱን በሁለት ጣታቸው አሽተው አሸተቱት። ማራገቢያውን የሚያዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። የአራቱንም ጎማ ቡሎን አንድ በአንድ በመፍቻ ሞከሩ።

«ምን ሆናለች?» አልሁ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ይፈልጋሉ?»

«ምንም እንዳትሆን ነዋ!»

አንድ ልማዳቸው ግን ዓይኔን ሳበው። ከሞተሩ የፈቱትን ማንኛውንም ነገር መሬት አያስቀምጡም። ካኪ ባርኔጣቸውን አውልቀው ዕቃውን እሱ ውስጥ ይከቱና ባርኔጣውን ጋቢና ወንበር ላይ ያኖሩታል። «ባርኔጣዬን ሳላጠልቅ አልነዳም። ዕቃ ካለበት ደግሞ ራሴ ላይ አይገባም» አሉኝ። ባርኔጣው ባዶ ከሆነ ሁሉም ነገር ቦታው ገብቷል ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሕግ ኖረዋል።

የተነሣነው ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ሐይቅ ቆምን፤ ጎማ ዳበሱ። ውጫሌ ቆምን፤ ዘይት አዩ። ውርጌሳ ላይ ለምን እንደቆምን እስከ ዛሬ አላውቅም። አውቶቡሱ አለፈን፣ የጭነት መኪናው አለፈን፣ አንድ የተጫነ አህያም እኛ ቆመን ሳለ አለፈን፤ ቆይተን ስንደርስበት ዘወር ብሎ ያየኝ መሰለኝ። መርሳ ምሳ ስንበላ ሰዓቴን አየሁ። ሰዓት እላፊ ሳይደርስብን ቆቦ መግባት እንደማንችል ሲገባኝ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ጋሽ ይመር» አልሁ፣ «ይቺ መኪና ናት ወይስ አስታማሚ የማይለያት አሮጊት? ያረጀ ነገር እኮ ቦታውን መልቀቅ አለበት!»

እጃቸውን በጨርቅ ቀስ ብለው ጠረጉ። የራስ ጠጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ መሆኑን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«እንዳልህ፣ ጓድ ታደሰ» አሉኝ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ አንድም ቀን ጓድ ብለውኝ አያውቁም። በዚያ ዘመን ቃሉን በቀን መቶ ጊዜ እንሰማዋለን፤ እንደዚያ ቀን ግን ቀዝቅዞብኝ አያውቅም።

ወልድያ አደርን። የሆቴሉ አልጋ አንድ እግሩ አጭር ስለነበር ከሥሩ ጡብ ተደርጎለታል። እኔ ስገላበጥ ጡቡ ይንሸራተታል፣ አልጋው ያዘነብላል፤ እኔና ቁንጫዎቹ ተያይዘን ወደ አንድ ጎን እንሄዳለን። የሆቴሉ ባለቤት አዘነችልኝና ከራሷ አልጋ ትራስ አመጣችልኝ። ጋሽ ይመር «እሷን ብቻዋን አላሳድራትም» ብለው ጋቢና ውስጥ ተኙ።

ማክሰኞ። ከወልድያ ስንወርድ ካፖርቴን አወለቅሁ። አላውሃ ድልድይ ላይ ኮቴን አወለቅሁ። ጎብዬ ቁርስ ስንበላ ከረባቴ ኪሴ ገባ። በእኛ አገር በዚህ ሰዓት ሰው ፀሐይ ፍለጋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል፤ እዚህ ግድግዳው ራሱ ጥላ የሚፈልግ ይመስላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሟል፤ ሜዳው ማለቂያ የለውም። ተራራ ማየት የለመደ ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ። ጋቢና ውስጥ ግን ዝምታው አልቀለጠም። «ውኃ ትጠጣለህ፣ ጓድ ታደሰ?» ይሉኛል፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለም።

ቆቦ ልንገባ ስንል አንድ አዲስ መኪና አቧራውን አልብሶን አለፈ። ሹፌሩ ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ እጁንም አውለበለበልን። «አያችሁ፣ መኪና ማለት እንዲህ ነው» አልሁ በሆዴ።

ቆቦ የዚያው ድርሻ ሚዛንና ጆንያ እስኪወርድ ሞተሩ በረደ። ጋሽ ይመር የራዲያተሩን ክዳን ፈትተው እንደ ሕጋቸው ባርኔጣው ውስጥ ከተቱት፤ ባርኔጣውንም የእኔ ወንበር ላይ አስቀምጠው ውኃ ሞሉ። ይኼኔ ባለ መነጽሩ ሹፌር እየሮጠ መጣ። አዲሱ መኪናው ራዲያተሩ ደርቆ ከከተማው መውጫ ላይ እየጨሰ ቆሟል።

«አባቴ፣ ውኃ!» አላቸው።

ጋሽ ይመር ጀሪካናቸውን ይዘው ተከተሉት።

እኔ ከግምጃ ቤቱ አስፈርሜ ስመለስ ወንበሬ ላይ ዘይት የነካው ክዳን በባርኔጣ ተቀምጦ አገኘሁ። የለበስሁት ያለኝን አንድ ነጣ ያለ ሱሪ ነበር። ክዳኑን በሁለት ጣቴ አንሥቼ ባትሪው ላይ አኖርሁት። ባርኔጣውን የጋቢናው መስተዋት ላይ ሰቀልሁት። ከዚያ ጊዜ ላተርፍ ብዬ ኮፈኑን ጓ! አድርጌ ዘጋሁና ራሴን እያመሰገንሁ ተቀመጥሁ። ጋሽ ይመር ባዶ ጀሪካን ይዘው ተመለሱ። ባርኔጣውን አወረዱ፤ ባዶ ነው። አጠለቁትና ነዱ።

ዋጃ ሳንደርስ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተንፎለፎለ። ጋሽ ይመር ዳር አስያዟት። ኮፈኑን ሲከፍቱ የራዲያተሩ አፍ ባዶውን ይተነፍሳል፤ ክዳኑ የለም፣ መንገዱ አራግፎታል። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ውስጡን አዩ። ገበሩን በጣታቸው ዳበሱ።

«ረሳሁት» አሉ ቀስ ብለው። «ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳልረሳ፣ ዛሬ ረሳሁት።»

አፌን ከፍቼ ነበር፤ እምላለሁ ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን «ይገኛል» የሚል ብቻ ነው። በመጣንበት እግራችን በፀሐይ ተመልሰን ፈለግን፤ አልተገኘም። ተመልሰው ፒክአፗ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሰውነታቸው አጠረብኝ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ከማንም በላይ ያላበኝ እኔ ነኝ።

ከማሽላው ውስጥ ሁለት ግመል የሚስብ ጎልማሳ ብቅ አለ። እንድሪስ ይባላል፤ እርሻው እዚያው ዳር ነው።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ምን ሆናችሁ አቦ?» አለን።

«ዐለይኩም ሰላም። እሷ ምንም አልሆነችም፤ እኔ ነኝ ያረጀሁት» አሉት ጋሽ ይመር።

«አብሽሩ አያ፤ አላህ ያውቃል!» አለና ወደ ማሽላው ጮኸ። ያን ቀን ለእሱ አጨዳ ጅጌ፣ እኛ ደቦ የምንለው፣ ወጥቶ ኖሯል፤ ሃያ የሚሆን ሰው ማጭዱን እየጣለ መጣ። እየጨፈሩ ገፏት። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ፒክአፗ እንደ ሙሽራ በዘፈን ታጅባ እንድሪስ ግቢ ገባች። እኔም ልገፋ ስጠጋ «ተዉ ጌታው፣ ሱሪዎ» ብለው መለሱኝ። ሱሪው ያን ጊዜ እሾህ ሆኖ ወጋኝ።

የቤቱ እመቤት ዘሐራ ውኃ፣ ጥንቅሽና እርጎ አቀረበችልን። ጥንቅሽ የማሽላ ዓይነት ነው፤ አገዳው እንደ ሸንኮራ ይመጠጣል። እንድሪስ ግን እኔንና ጋሽ ይመርን እያፈራረቀ ያየናል። ራት ሲደርስ በአንድ ትሪ ፈንታ ሁለት ትሪ መጣ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለእሳቸው፣ ጀርባና ጀርባ።

«ምነው?» አልሁት።

«እናንተ አልተኳረፋችሁም?»

እርስ በርስ ሳንተያይ ወደየትሪያችን አጎነበስን።

«እኔ ቤት ተኳርፎ አንድ ትሪ ላይ እጅ አይገባም። በረካውን ያሸሸዋል። ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ እስከዚያ ለየብቻ ብሉ።»

እንደዚያ ያፈርሁበት ራት የለም።

ረቡዕ። ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ የትላንቱ ጅጌም ዙሪያውን ከበበ። አንዱ ሸህ ሙሄ፣ ሌላው ክርስቲያኑ አባ ጎበዜ ናቸው፤ እንደነገሩኝ ያለ አንዱ አንዱ ለእርቅ አይቀመጥም። ሸህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፤ «የተኳረፈውን ያስታርቅ፣ የቆመውን ያስኪድ» ሲሉ ሁላችንም «አሚን» አልን። የቆመው ማን እንደሆነ ሁሉም ዞሮ አያት።

«በል ተናገር» አሏቸው አባ ጎበዜ ጋሽ ይመርን። «ክስህ ምንድን ነው?»

«ክስ የለኝም። ቃል ተናግሮኝ ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ሳየው ግን እውነቱን ነው። ይህ ልጅ በኪሱ ወረቀት ይዟል፤ እኔና እሷ እንረባ እንደሆን ይጽፍበታል።»

ደነገጥሁ። «ያውቃሉ እንዴ?»

«ከሐይቅ ጀምሮ። እኔ ጎማ በነካሁ ቁጥር ኪስህን ትነካ ነበር። መኪናዋ ራሷ ትመስክር ብዬ ዝም አልሁ። ትላንትና ግን ክዳኗን ረሳሁ። የረሳ ሹፌር ሰው ይገድላል። ጻፍ ልጄ፣ አረጀ ብለህ ጻፍ።»

አባ ጎበዜ ተነሡ። «መጀመሪያ ምስክሯ ትታይ» አሉና ዱላቸውን ይዘው ፒክአፗን ከበቧት። ጎማዋን መቱ፤ «ኮቴዋ ደህና ነው።» መብራቶቿን አዩ፤ «አንዱ ዓይኗን ሞራ ጀምሮታል።» ኮፈኑን አስከፍተው አንገታቸውን አስገቡ። «ስንት ወልዳለች?» ብለው ሲጠይቁ ጅጌው ሁሉ ሳቀ፤ ጋሽ ይመር እንኳ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«በሽታዋስ?»

«በሽታ የለባትም። እንዳትታመም ነው በየቀኑ የማያት።»

«ጤነኛ ታስታምማለህ?»

ይኼኔ እንድሪስ አላስቻለውም። «አባ፣ እኔስ ግመሎቼን? ጠዋት ሳልጭን እግራቸውን እዳስሳለሁ፣ ጀርባቸውን አያለሁ። ያን ያላደረገ ሰው አፋር በረሃ መሃል ጭነቱን ራሱ ይሸከማል፣ ወላሂ! እኚህ ሰው መኪና አይደለም የሚነዱት፤ ከብት ነው የሚያረቡት!»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸህ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ? ሆድህ ውስጥ የቀረ ነገር አለ?»

መኖሩን ያየኝ ሁሉ ያውቃል፤ ላቤ እስከ ጫማዬ ወርዷል። ተነሣሁ።

«ክዳኑን የረሳሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ሱሪዬ እንዳይነካ ብዬ ከባርኔጣው አወጣሁት፤ ባትሪው ላይ አስቀምጬ ኮፈኑን ዘጋሁ። ጋሽ ይመር ባዶ ባርኔጣ ነው ያገኙት። አልረሱም። ትላንት መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ።»

ዱላ የሚያነሡብኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንሁ። ጋሽ ይመር ግን ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ አዲስ ያዩታል።

«አልረሳሁም?» አሉ።

«አልረሱም።»

«አልረሳሁም!» ብለው ወደ ጅጌው ዞሩ። «ሰማችሁ? አልረሳሁም!» መጥተው አቀፉኝ፤ ግራሶና ላብ አንድ ላይ ነጣ ያለው ሱሪዬ ላይ ተላከከ። እኔ አለቀስሁ፣ ሰዉ ሳቀ፣ ዘሐራ እልል አለች።

ሽማግሌዎቹ ግን የጥፋት ዋጋ አለ አሉ። ፍርዱ ይህ ነው፤ ደሴ እስክንገባ ድረስ የጠዋቱንም የመንገዱንም ሥራ የምሠራው እኔ፤ ባርኔጣውንም ሥራው እስኪያልቅ የማጠልቀው እኔ፤ ጋሽ ይመር ተቀምጠው ያያሉ። እንድሪስ የቁርቁራ እንጨት ቀርጾ፣ በግመል ቆዳ ጠቅልሎ፣ በጠፍር የሚታሰር ውታፍ ለራዲያተሩ ሠራ። ውኃ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል እንጂ ያዘ።

ከዚያ አንድ ትሪ ቀረበ። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ አባ ጎበዜና እኔ ጾመኞች ነን፤ ዘሐራ ለሁላችንም የማሽላ እንጀራ በሽምብራ ወጥ አደረገች። ወተቱ ማጀት ቀረ። ሸህ ሙሄም እንድሪስም ከእኛ ጋር በጾም ወጥ በሉ። የተረፈችውን አንዲት ሚዛን ዋጃ ያደረሰችልን ግን ከእንድሪስ ግመሎች አንዷ ናት።

ሐሙስ። ገና ሳይነጋጋ ባርኔጣውን አጠለቅሁ፤ እስከ አፍንጫዬ ወረደ። ዱላውን ሞተሩ ላይ ተክዬ ጆሮዬን ሰጠሁ።

«ምን ትላለች?» አሉኝ ጋሽ ይመር ከጋቢና፣ ሻያቸውን እየጠጡ።

«ደህና ነኝ ትላለች።»

«ገና አልተግባባችሁም። ቡሎኑን ሞክር።»

መፍቻውን ይዤ ዞርሁ። የኋላ ግራ ጎማ ላይ ሁለቱ ቡሎን በእጅ ይዞራሉ፤ እርሻው ውስጥ ስትገፋ የላሉ መሆን አለባቸው። ጋሽ ይመርን በደስታ ጮኼ ጠራኋቸው። ያንን ጎማ ሜዳው ላይ ሲሽከረከር፣ እኛንም ከኋላው በሐሳቤ አየሁ። እሳቸው መጥተው አዩና አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «አየህ?»

ከዚያ በኋላ መንገዱን የማጓትተው እኔ ሆንሁ። ቆቦ ቆምን፤ ክዳን ፈለግን፣ የለም፤ ውኃ ሞላሁ። ሮቢት ቆምን። ጎብዬ ቆምን። አላውሃ ላይ ጋሽ ይመር «አሁንስ አበዛኸው፣ እንሂድ እንጂ!» አሉኝ። ልፋታቸው ከንቱ ነበር፤ እኔ ቺንጋውን እየተጫንሁ ነበር። ወልድያ ያች የሆቴል ባለቤት በግራሶ የጠቆረ እጄን አይታ «ምነው ጌታዬ፣ ከዚህ የወጡት ጸሐፊ ሆነው አልነበረም?» አለችኝ። የአልጋውን ጡብ ከመተኛቴ በፊት አጠበቅሁት፤ ሳይንሸራተት አደረ።

ዓርብ። ውጫሌ ላይ ኮቴን፣ ሐይቅ ላይ ካፖርቴን ለበስሁ። ደሴ ጉሟን ደርባ ተቀበለችን። ጋሽ ይመር ግቢው ውስጥ አቁመዋት ሲወርዱ ጎኗን ሁለቴ መታ መታ አደረጓት። ከሰኞ ወዲህ አንድ ጊዜ ተገፋች እንጂ መንገድ ላይ አልጣለችንም፤ የተገፋችውም በእኔ ጥፋት ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን አለቃዬ ፊት አቀረብሁ። ሁሉንም መስመር ሞልቻለሁ፤ ሞተር ደህና፣ ጎማ ደህና፣ ፍሬን ደህና። «መኪናዋ ያለባት ጉድለት» የሚለው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጽፌያለሁ፤ «ያለ አቶ ይመር አትሄድም።»

አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ደንብ የሚወዱ፣ ቀልድ የማያውቁ ሰው ነበሩ።

«ጓድ ታደሰ፣ ይህ ጉድለት በጥገና ይወገዳል?»

«አይወገድም። ዋጃ ድረስ አስመርምሬያለሁ።»

«እንግዲያው ሰውዬው ከነመኪናዋ ባሉበት ይቀጥሉ» ብለው ፈረሙ፤ ማኅተሙንም አሳረፉበት።

ወደ ግቢ ወረድሁ። ጋሽ ይመር ኮፈኑን ከፍተው የእንድሪስን ውታፍ ጠፍር ያጠብቃሉ። የሆነውን ነገርኋቸው።

«ጉድለት ብለህ ጻፍኸኝ?» አሉ።

«አዎ።»

«የማይጠገን?»

«የማይጠገን።»

ኮፈኑን ዘጉ። ባርኔጣቸውን ከወንበሩ አነሡና ውስጡን ተመለከቱ፤ ባዶ ነው። አጠለቁትና ሞተሩን አስነሡ።